ያልደረቀው ጄሶ

እኔ፣ ቤት ውስጥ ጂን ገባ ሲባል መጀመሪያ የማየው መስኮቱ በደንብ መዘጋቱን ነው፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። ጂዳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ስሠራ፣ አብረውኝ የነበሩት ልጆች ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን በራሱ ተንኳኳ ብለው ሲንቀጠቀጡ፣ ተነስቼ አይጧን በመጥረጊያ ያባረርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፣ የሆነውን እንደሆነ ነው የምነግራችሁ፣ ባታምኑኝም አልቀየማችሁም፣ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ እንድሪስ ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ሥራ አገኘ። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካለ ገደል ሥር የጥንት እንስሳት አጥንት ተገኘ ተባለና ከአዲስ አበባ የመጡ ተመራማሪዎች መቆፈር ጀመሩ፣ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይም በቆርቆሮ አንድ አዳራሽ ሠርተው ሙዚየም አሉት። እንድሪስ ቤት ይለስን ነበር፣ እጁ ለጄሶ የተፈጠረ ነው። እነሱ ደግሞ አጥንቱን ከመሬት ሲያወጡት እንዳይፈረካከስ፣ ልክ እግሩ እንደተሰበረ ሰው፣ በጆንያ ጨርቅና በጄሶ ጠቅልለው ነው የሚያወጡት፣ ያ የእሱ ሥራ ሆነ። ጠቅልሎ ሲጨርስ ግራ መዳፉን ያትምበታል፤ የቀለበት ጣቱ ብረታ ብረት ቤት ሲሠራ ከግማሹ ተቆርጧልና የማን ሥራ እንደሆነ ማንም አይስተውም። ከዚያ ቆይቶ በጥፍሩ ሦስት ጊዜ ይመታዋል፣ ከደረቀ እንደ ሸክላ ይጮሃል፣ ካልደረቀ ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ወሬው ይኸው ነበር። "ዘይነቤ፣ አገሩ ተቀይሯል፣ ነይና የጥንት ዝሆን ላሳይሽ" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ "እዚህ የማስታምማቸው አሮጊት ይበቁኛል" እለው ነበር።

ጦርነቱ እኛ ጋ የደረሰ ቀን፣ ሰፈሩ በሙሉ ዕቃውን ሲሸክፍ፣ እንድሪስ እናቴን "አንድ ያልደረቀ አለ፣ ሸፈን ላድርገው፣ እንደደረቀ እመጣለሁ" ብሏት ወጣ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም።

ሰላም ሆነ ተባለ፣ ሰውም ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ቁፋሮውም እንደገና ተከፈተ፣ እናቴ ግን ለቅሶ አልቀመጥም አለች። አጎቴ ለመናት፣ ሼኹም ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለት፣ ማለት አስከሬን በሌለበት ለሟች የሚሰገደው ሶላት፣ ብለው መከሯት፣ እምቢ አለች። እውነቱን ልናገርና ከሁሉ የጨከንኩባት እኔ ነበርኩ። በስልክ "እማ፣ ሞቷል፣ እርምሽን አውጪ" ያልኳት እኔ ነኝ። ጠቅልዬ አገሬ ስገባም የመጀመሪያ ሥራዬ ይኸው ሆነ፣ ለእሑድ ድንኳን ይጣል ብለን ከአጎቴ ጋር ጨረስን። እናቴ ይህን ሰማችና፣

"ሂጅና ያን ያልደረቀውን እይልኝ" አለችኝ። "ደርቆ እሱ ካልመጣ፣ ያኔ እቀመጣለሁ።"

ደስ አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ጄሶ እኮ ሻይ ፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ የሚደርቅ ነገር ነው፣ ይህ ደግሞ ዓመታት ያለፉት ነው፣ ሄጄ ደርቋል ብላት አለቀ ማለት ነው።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ባጃጅ ይዤ መንገዱ እስከሚፈቅደው ሄድኩ፣ ቀሪውን በእግሬ ወረድኩት። ስደርስ ሠራተኛው ሁሉ ለሶላት ሄዷል፣ ጉድጓዱ ዳር አካፋና ወንፊት ብቻ ተጋድሟል። የቀሩት ጥበቃው አያ ደምሴ ናቸው። እሳቸው ክርስቲያን ስለሆኑ ጁምዓን ይጠብቃሉ፣ እሑድን ደግሞ እስላሙ ባልደረባቸው፣ እንደዚያ ተከፋፍለው ነው የሚሠሩት።

"የእንድሪስ እህት ነሽ? ወላሂ ቁርጥ እሱን!" አሉና አዳራሹን ከፈቱልኝ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ከመናገሬ በፊትም እንደ አስተማሪ ጣታቸውን እየቀሰሩ ያስጎበኙኝ ጀመር። "ይኸ የዝሆን መንጋጋ ነው፣ የዛሬ ዝሆን እንዳይመስልሽ። ይኸ የጉማሬ ጥርስ። ይኸ የምታይው አገር ሁሉ ውሃ ነበር፣ እስከ አምባሰል ሥር ድረስ።"

"ማን አየው?" አልኳቸው።

"እኔ የነገሩኝን ነው የምነግርሽ" አሉ ሳይከፋቸው።

መንጋጋው ፊት ቆመን ሳለን ነው የሰማሁት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ድምፁ ከጀርባ ካለው ዕቃ ቤት ነው የመጣው። አያ ደምሴ ወሬያቸውን አላቋረጡም፣ ድምፃቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ቆርቆሮው ነዋ። ፀሐይ ሲያገኘው እንዲህ ይላል።"

ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚንጣጣ አውቃለሁ፣ ያደግሁት ከሥሩ ነው። ቆርቆሮ ግን ሦስት ቆጥሮ አያርፍም። ሦስት ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ሦስት። ድምፁም ታፍኖ የሚቀር ነበር። ጉዳዬን ነገርኳቸውና እንድሪስ የሠራቸውን አሳዩኝ አልኳቸው፣ ትንሽ አመነቱና ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ሰባት ጥቅሎች ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ላይ መዳፉ አለ። እዚያች ግማሽ ጣት ላይ ስደርስ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ሆኖም ሥራዬን ሠራሁ፣ እያንዳንዱን በጥፍሬ ሦስት ሦስት ጊዜ መታሁ፣ ሁሉም እንደ ሸክላ ጮሁ። በቃ ደርቀዋል ብዬ ስዞር፣ ጥግ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ሌላ ነገር አየሁ።

"ይኸስ?"

አያ ደምሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ሁለት ሳምንት ሆነው ካገኙት። ከጉድጓዱ ጥግ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ አፈር ተንዶበት። ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ እሳት ዳር አስቀመጡት፣ እምቢ አለ። አለቃው ጄሶው የተበላሸ ነው አለ።"

"እርስዎስ ምን አሉ?"

"እኔ ምን እላለሁ፣ ልጄ? እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራ ጥበቃ ማን ያሠራዋል?" አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመሩ፣ "ሰው ሲኖር ምንም አይል። ጁምዓ ጁምዓ፣ ጭር ሲል ነው።"

ላስቲኩን ገለጥኩት። መዳፉ አለ፣ ግማሽ ጣቱም አለች። ጣቴን ባሳርፍበት ሰመጠ፣ እመኑኝ፣ እንደ ሊጥ ሰመጠ። ቀዝቃዛ ቢሆን ከመሬት የያዘው እርጥበት ነው ብዬ እገላገል ነበር፤ ይሞቃል። ጄሶ ተቦክቶ መያዝ ሲጀምር እንደሚሞቅ እንድሪስ ራሱ በስልክ ነግሮኛል፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው ይል ነበር። መዳፌን መዳፉ ላይ አድርጌ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አያ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው ያማትባሉ፣ እኔም ቢስሚላህ እላለሁ።

ውጭ ካለው ጀሪካን እጄን ታጠብኩ። መንገዱን ሙሉ ለራሴ ምክንያት ስደረድር መጣሁ፣ ጄሶው ተበላሽቷል፣ የሚያንኳኳው አይጥ ነው፣ አይጥ ሦስት መቁጠር ለምን አይችልም እያልኩ፣ እውነቴን ነው። ለእናቴ ደግሞ ደርቋል እንደምላት ወሰንኩ፣ ለእሷ ብዬ ነው፣ እርሟ እንዲወጣላት ብዬ ነው። እሷ ግን በሩ ላይ ጠብቃ አፌን ሳልከፍት እጄን ያዘችው፣ ገልብጣም ጥፍሮቼን አየች። ከታጠብኩ ከሁለት ሰዓት በላይ ሆኖኛል፣ ጥፍሬ ሥር ያለው ነጭ ነገር ግን ገና እርጥብ ነበር።

"አልደረቀማ!" አለች። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። አጎቴ ድንኳኑን መለሰ።

ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ሲመጣ እሄዳለሁ። እናቴ ትልከኛለች እላለሁ እንጂ ባትልከኝም እሄድ ነበር፣ ይህን ለእሷም አልነገርኳትም። በጥፍሬ ሦስቴ እመታዋለሁ፣ ታፍኖ ይቀራል፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ ከዚያ ምኑን ነው የማመሰግነው ብዬ እፈራለሁ። ሞቷል ብዬ እናቴ ላይ በስልክ የጮህኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ቤት በር ሲንኳኳ ከእናቴ ቀድሜ የምነሳውም እኔ ነኝ።

ባለፈው ጁምዓ አያ ደምሴ አዳራሹን ከፍተውልኝ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጥተውኝ ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። የዝሆኑን መንጋጋ አልፌ ወደ ዕቃ ቤቱ ሳመራ ድምፁ መጣ፣ ሦስት ጊዜ። አልታፈነም። ጥርት ብሎ፣ እንደ ሸክላ ጮኸ።

አልገባሁም። ቁልፉን መንጋጋው አጠገብ አስቀምጬ፣ አያ ደምሴን ሳልሰናበት፣ አቀበቱን ወጣሁት።

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። "አልደረቀም" አልኳት ገና ከሩቅ። እጄን ሳበችና ገልብጣ ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አየቻቸው። ንጹሕ ነበሩ። እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችው፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ እስከ ዛሬም ስለዚያ ነገር አልጠየቀችኝም። ነገ ጁምዓ ነው። እስካሁን ሂጅ አላለችኝም።