ስልሳው ወረቀት

«ከመቶ ተማሪ ስልሳ ዘጠኙ፣ ፖለቲከኞች ካልተስማሙ ወታደሩ ሥልጣን ይያዝ ብሏል» አለ ሬዲዮው።

ሚጡ የምታጥበው ሳህን ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። ጉድ ፈላ! ቁጥሩ የትምህርት ቤታቸው ክበብ ያካሄደው መጠይቅ ውጤት ነው፤ ወረቀቱን አስሞልታ ያመጣችው ደግሞ እሷ ናት። አስሞልታ ከተባለ! ከመቶው ወረቀት አርባውን በመከራ አስሞላች። ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ሰለቻት፤ የቀረውን ስልሳ ደረጃ ሥር ቁጭ ብላ «ይያዝ» የሚለው ላይ ምልክት እያደረገች ጨረሰችው። ወንድሟ ወታደር ስለሆነ ደስ የሚለው መስሏት ነበር። ከእውነተኞቹ አርባ «ይያዝ» ያሉት ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

የዕረፍት ፈቃዱን የጨረሰው ወንድሟ ቦት ጫማውን እያሰረ ቀና አለ።

«የእናንተ ትምህርት ቤት እኮ ነው! ይኼን ያህል ናፈቅናችሁ?»

«እ… እንጃ።»

«አለቃችን እንዲህ ያለ ነገር ካገኘ ሰልፍ ላይ ያነብልናል። ‹ሕዝቡ እየጠራን ነው› ይላል። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ደግሞ ‹ማንም አልጠራንም፤ የማልነው ድንበር ልንጠብቅ ነው› እንላለን። እንግዲህ በምን አፌ ልናገር?»

«ተማሪዎቹ ቀልደው ሊሆን ይችላል።»

«በጠመንጃ የተያዘ ወንበር በቀልድ አይለቀቅም፣ ሚጡዬ። እኔ የምፈራው አንድ ቀን በእናንተው ላይ ተኩስ እንዳልባል ነው።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ውጭ ሊወስደው የመጣው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ግንባሯን ስሞ፣ «እማዬን አደራ» ብሎ ወጣ። ምን ነበረበት ያኔ ብትናገር! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያልወጣውም ለካ እንዲህ ያንቃል።

ሦስት ጊዜ ደወለችለት። ስልኩ ተዘግቷል። ካምፕ ሲደርሱ እንደሚያዘጓቸው ታውቃለች። ሬዲዮ ግን እዚያም ይሰማል።

እውነቱን ከተናገረች ከክበቡ መባረሯ አይቀርም። ጓደኞቿም መሳለቂያ ያደርጓታል። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ የሬዲዮ ጣቢያውን ቁጥር መታች።

«ሃሎ፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ ነዎት። ስለ ምን ነበር?»

የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰች።

«ስለ ተማሪዎቹ መጠይቅ» አለች። «ስልሳውን ወረቀት የሞላሁት እኔ ነኝ።»