የሁለቱ ውሃዎች ድንበር

ዶክተር ይሄነው ቤተ ሙከራው ውስጥ ከመስታወት ገንዳው ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ የዘበኛው የጋሽ አድማሴ ዱላ አጠገቡ ወድቋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሽማግሌው በካቴና ታስሯል፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መኪና ደጅ ቆሟል።

ኢንስፔክተር ኡሙልኸይር ግን የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ባይ ናት። ከመካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ በእግሯ መጥታ፣ መጀመሪያ ያየችው ገንዳውን ነው። ከታች በቀለም የቀላ ጨዋማ ውሃ፣ ከላይ ንጹሕ ውሃ፤ ድንበራቸው ቀጥ ያለ። ሟቹና ባልደረባው በፍቃዱ በዚህ ድንበር ላይ በዘፈቀደ የሚነሣውን ማዕበል በሒሳብ ቀመር ያጠኑ ነበር። ላዩ ጸጥ ብሎ ውስጡ የሚናወጥ ውሃ ነው።

«ጋሽ አድማሴ፣ ዶክተሩ ትናንት ሰድቦዎታል ይባላል።»

«ሰደበኝ፤ ይቅርታም ጠየቀኝ። ወላሂ አልነካሁትም ልጄ! ዱላዬን እዚሁ ትቼ ቅዳሴ ሄድኩ።»

የሟቹ ሚስት የትምወርቅ ወደ ፊት ቀረበች። «ባሌ የተበሳጨው በበፍቃዱ ነበር። ሳይለካ ቁጥር ፈጠረ፤ ማዕበል እንደ ወታደር አይሰለፍም አለኝ።»

በፍቃዱ ፈገግ አለ። «የሙያ ክርክር ነው። ገንዳውን እንደሁ ዛሬ ማንም አልነካውም፤ ድንበሩን ይዩት።»

ኡሙልኸይር ጎንበስ ብላ ከሟቹ ጆሮ ጀርባ የደረቀ ነጭ ነገር በጣቷ አነሣች፤ ቀመሰችው። የኮሌታውን ውስጥ ገለጠች፤ ቀልቷል። ከዚያ ሁሉንም ገንዳው ዙሪያ ሰበሰበችና ክንዷን ነክራ ውሃውን አማሰለችው።

«ኧረ ይተዉ!» ጮኸ በፍቃዱ። ውሃው ሁሉ ቀላ።

«ጋሽ አድማሴ፣ እንደነበረ ይመልሱልኝ።»

«እኔ? ከተቀላቀለማ ተቀላቀለ!»

የትምወርቅም ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄነው በዱላ አልሞተም፤ ዱላው ለማሳሳት ኋላ ያረፈበት ነው» አለች ኡሙልኸይር። «ጆሮው ላይ ጨው፣ ኮሌታው ላይ ቀለም አለ። ጭንቅላቱ ከታችኛው ውሃ ድረስ ተደፍቋል። ሰው ሲታፈን ይንፈራገጣል፤ ውሃው መደበላለቅ ነበረበት። ስመጣ ግን ድንበሩ ቀጥ ብሎ ነበር። ገንዳው ካልተነካ ዱላው ብቻ ይጠየቃል ብሎ አንድ ሰው እንደ አዲስ ሞላው። መጀመሪያ ጨዋማውን፣ ከዚያ ንጹሑን በስፖንጅ ላይ ቀስ እያለ። ይህን የሚችሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እዚህ ተጋድሟል።»

የበፍቃዱ ፊት አሁንም ጸጥ እንዳለ ነው፤ እሱ ግን ገንዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ስሜን ሊያጠፋው ነበር» አለ መሬት ላይ ተቀምጦ።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ዞረ። ጋሽ አድማሴ አንጓውን እያሻሸ ሟቹን አየው።

«በሩን ልቆልፍ ስል እኮ እሱ ነው ክፍት ተወው ያለኝ» አለ። «በፍቃዱ ይመጣል፤ ልንታረቅ ነው ብሎ።»

ከዚያ በጋቢው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።