የመጨረሻው አካፋ ፍም

ለሚዩል ስፔይት በገዛ ጥብስ ቤቱ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ፣ ከጎኑ ባለው የጡብ ምድጃ ላይ የተጋደመው ሙሉ አሳማ ገና አልበሰለም ነበር። ስቡ ፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ ቸስ ይላል። ከመንገዱ ማዶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ለዓመታዊው የወገን መሰብሰቢያ የተዘረጉት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ነጭ ልብስ ለብሰው እንግዳ ይጠብቃሉ።

መርማሪ ኦዴሳ ፕሪጅን በሩ ላይ ቆም አለች። ትከሻዋ ሰፊ፣ እርምጃዋ ዝግ ያለ፣ ፀጉሯ መሸበት የጀመረ ሴት ናት። በዚህ በምሥራቅ ካሮላይና ተወልዳ ያደገችና የለሚዩልን ጥብስ ከልጅነቷ ጀምሮ የበላች በመሆኗ፣ ሬሳውን ለማየት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

«የኋላ ጭንቅላቱን ነው የተመታው» አለ ሸሪፍ ታልማጅ ሱግ። «በራሱ የፍም አካፋ። ያገኘው ክሊፍተን ኩቤና ነው፣ የልጁ ባል፣ ቴክሳሳዊው። እኛ ስንደርስ አካፋውን ይዞ ቆሞ ነበር። ደም ያለበትን አካፋ፣ ሚስ ኦዴሳ! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መቼ እንደሞተ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ሐኪሙ ሊያውቅ አልቻለም። ቤቱ ግሎ ስላደረ ሬሳውም አልቀዘቀዘም። እኔ ግን ፍሙን አይቼ እነግርሻለሁ። ንጋት ላይ ስንመጣ ቀይ ነበር። ለሚዩል ፍም የሚጨምረው በትንሽ በትንሹ ነው፤ ከተወው ቶሎ አመድ ይሆናል። ስለዚህ ሽማግሌው ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ንጋት ላይ ደግሞ እዚህ የነበረው ክሊፍተን ብቻ ነው።»

«ምክንያቱስ?»

«ባለፈው እሑድ በሰው ፊት ተሰዳድበዋል። ለሚዩል ‹ይህን ቤት ለቴክሳስ ሰው ከምተው በእጄ ባቃጥለው ይሻለኛል› ብሏል። ምእመኑ ከጸሎት ሲወጣ ክሊፍተንን ወደ ከተማ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ጊዜው ያንቺ ነው።»

ኦዴሳ የምድጃውን ክዳን በብረት ዘንግ ከፍ አድርጋ ጎንበስ አለች። የአሳማው ሆድ ከስሎ ጠቁሯል። ከጠረጴዛው ቢላ አንስታ ወፍራሙን ታፋ ወጋ አደረገችው፤ ቀይ ውሃ ወጣ። ዘንጉን አመዱ ውስጥ ሰደድ አድርጋ መጀመሪያ በታፋው ሥር፣ ቀጥሎ በሆዱ ሥር በጥንቃቄ ጫረች። ከዚያ ክዳኑን መልሳ ከደነችው።

«ምንድን ነው?» አለ ሸሪፉ።

«ክዳኑን ማንም እንዳይነካው» አለች።

ክሊፍተን ኩቤና በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከቴክሳስ ድረስ ጎትቶ ባመጣው የብረት ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ከኋላው አንድ የሸሪፉ ፖሊስ ቆሟል። ሚስቱ ቨርና፣ የለሚዩል ልጅ፣ የባሏን ክንድ አጥብቃ ይዛለች። አባቷን ዛሬ አጥታለች፤ ባሏን ደግሞ ሊወስዱባት ነው።

«አካፋውን ለምን አነሳኸው?» አለች ኦዴሳ።

«መሬት ላይ ነበር።» ክሊፍተን ድምፁ ሻክሯል። «ሽማግሌው አካፋ መሬት ላይ ሲጥል አይቼው አላውቅም። አንዴ እኔ ብጥለው ለአንድ ሳምንት አኩርፎኛል። ሳላስብ አንስቼ ልሰቅለው ስል... ያን ጊዜ ነው ደሙን ያየሁት።»

«ጠብ ነበራችሁ ይባላል።»

«በየቀኑ ነበር! ሥጋ ማለት የበሬ ፍርምባ ነው፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ፣ የእናንተ ኮምጣጤ መስኮት መወልወያ ነው እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ‹እናንተ አገር በሬው ከእርጅና ነው የሚሞተው፤ ለዚያ ነው ቀኑን ሙሉ የምታበስሉት› ይለኛል። ከዚያ ተቀምጠን አብረን እንበላለን። ይህን ለሸሪፉ እንዴት ብዬ ልንገረው?»

«ትናንት ማታስ?»

«እዚሁ ነበርኩ፣ ፍርምባዬን እየጠበቅሁ። ግማሹ ምእመን ከቦኝ ሲሳለቅብኝ ነው ያመሸው። አጎቴ አይራም፣ የሽማግሌው ወንድም፣ አብሯቸው ነበር። ሁሉም ሲበተን ከቨርና ጋር ገባሁ። ንጋት ላይ ለሽማግሌው ቁርስ ላደርስለት ሄድኩ።»

«ከእኔ ጎን ነው ያደረው» አለች ቨርና። «ግን የሚስት ቃል ማን ይሰማል?»

«እኔ እሰማለሁ። አባትሽ ሰሞኑን ያሳሰበው ነገር ነበር?»

ቨርና አሰበች። «በዚህ ሳምንት የጥብስ ተፎካካሪውን ሚስተር ሆበርትን ሊጠይቅ ወደ ምዕራብ ካሮላይና ሄዶ ነበር። ሲመለስ ብዙም አላወራም። ‹የሆበርት እንጨት ክምር ላይ ሐረግ በቅሎበታል› አለኝና ዝም አለ። ሌላ ነገር አልነገረኝም።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በሁለተኛው ምድጃ ላይ፣ የለሚዩል ታናሽ ወንድም አይራ ሌላ አሳማ ጭኖ ነበር። እንግዳ ከሩቅ ተጠርቷል፤ ሟቹም ቢሆን ሰዉ ጾሙን እንዲመለስ አይፈልግም ነበር። አይራ እያለቀሰ ይሠራል፤ እንባውን የሚጠርግበት ክንዱ ከጣት እስከ ክርን አንድ ፀጉር የለበትም፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ነው።

አጠገቡ የቆመው ረጅም ሰው ሆበርት ኤቨርሃርት ነው። የምዕራቡን ጥብስ የሚያውቅ ሁሉ ስሙን ያውቃል። በየዓመቱ እዚህ እየመጣ ከለሚዩል ጋር ሲፎካከር ነው ያረጀው፤ ለሚዩል ሙሉ አሳማ በኮምጣጤ፣ እሱ ወርች ብቻ፣ ቲማቲም በገባበት ወጥ። ፀሐዩ እያነደደ እሱ የሸሚዙን እጅጌ እስከ እጁ አንጓ ቆልፏል።

«ልርዳህ» ብሎ ወደ አካፋው እጁን ሲዘረጋ፣ አይራ ቀደመው።

«ተው እባክህ! ወርች ደርድረህ የምትጠብስ ሰው ሙሉ አሳማ አታውቅም። ፍሙን እንደ አልጋ ልብስ ትዘረጋውና ሆዱን ታከስልብኛለህ። ያን ዓመት አድርገኸው የለ? ለሚዩል እስከ ገና ሲስቅብህ ከረመ።»

«አፍህ ዛሬም አያርፍም?» አለ ሆበርት፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«ካረፈማ ለቅሶው ያሸንፈኛል።»

ኦዴሳ ጠጋ አለች። «ሚስተር ሆበርት፣ ትናንት የት ነበሩ?»

«መንገዱ አድክሞኝ በቀጥታ አይራ ቤት ሄድኩ። ጥብስ ቤቱን አልረገጥኩትም። ለሚዩልን ዛሬ ጠዋት ላበሽቀው ነበር ሐሳቤ።»

«እውነቱን ነው» አለ አይራ። «ከዚህ ስመለስ በረንዳዬ ላይ አገኘሁት፣ በጓሮ ቧንቧ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። እስኪነጋ አንድ ክፍል ነው ያደርነው። ማንኮራፋቱን እኔ እመሰክራለሁ።»

«ምዕራቡ ላይ አሁንም በእንጨት ነው የምትጠብሱት?»

ሆበርት ቀና አለ። «ታዲያ በምን ልጠብስ? ዳቦ ጋጋሪ መሰልኩሽ እንዴ? ደጄ ላይ ያለውን ክምር መጥተሽ እዪ።»

«አንድ ቀን መጥቼ አያለሁ» አለች ኦዴሳ፤ ዓይኗ ግን ከተቆለፈው እጅጌ አልተነሳም።

መዝሙሩ ሲያበቃና ሰዉ መውጣት ሲጀምር ሸሪፉ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ። ኦዴሳ ግን ሁሉንም ወደ ጥብስ ቤቱ ጠራቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል። አይራ፣ ሆበርት፣ ቨርናና ክሊፍተን በምድጃው ዙሪያ ቆሙ፤ ከደጅ የሚሰማው የሕፃናት ሩጫ ብቻ ነበር።

«ሸሪፍ፣ የነገርከኝ ሁሉ በፍሙ ላይ የተመሠረተ ነው» ብላ ጀመረች። «ፍሙ ንጋት ላይ ቀይ ስለነበር ለሚዩል እስከዚያ እየጨመረበት ነበር አልክ። ና፣ አመዱን እይ።»

ክዳኑን አነሣችና በታፋው ሥር ያለውን አመድ በዘንጉ ቆረጠችው።

«ከታች ያለው ስስ ስስ ድርብርብ ነው፤ ትንሽ አመድ፣ በላዩ ትንሽ አመድ። ለሚዩል በትንሽ በትንሹ የጨመረው ነው። የሚገኘውም በታፋና በወርች ሥር ብቻ ነው። አይራ፣ ለምንድን ነው?»

«ወፍራሙ ሥጋ እዚያ ስለሆነ ነዋ» አለ አይራ። «ሆዱ ስስ ነው፤ ከሥሩ ፍም አይደረግም። ይሄማ...» ዓይኑ ምድጃው ውስጥ ገባና ንግግሩ ተቋረጠ።

«አዎ። ከላይ ያለውን አሁን አየኸው። አንድ ወጥ የሆነ ወፍራም ፍም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል፣ በሆዱም ሥር። እንጨቱ ነዶ ፍም በሚሆንበት በርሜል ውስጥ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተዝቆ ተዘርግቷል፤ ከዚያ ክዳኑ ተደፍቷል። እንዲህ ያለ ፍም አመድ ለብሶ ተዳፍኖ ያድራል። ንጋት ላይ ቀይ የሆነው ሰው ስለጨመረበት አይደለም፤ የተዳፈነ ስለነበረ ነው። ይህን ያደረገው ደግሞ ለሚዩል አይደለም። ታፋው ጥሬ፣ ሆዱ ከሰል የሆነ አሳማ ከእሱ እጅ ወጥቶ አያውቅም።»

ሸሪፉ ባርኔጣውን አወለቀ። «ስለዚህ የመጨረሻው ፍም ሲጨመር...»

«ለሚዩል ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። የእሱ ስስ ድርብርብ የጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ የሞተው ንጋት ላይ ሳይሆን አምሽቶ ነው። ሰዉ ክሊፍተንን ከቦ ሲሳለቅበት በነበረበት ሰዓት። እኔ ከከበቡት መካከል የነበረውን የአክስቴን ልጅ ጠይቄአለሁ፤ የመዘምራኑን መሪም ጠይቄአለሁ፤ ክሊፍተን ከዚያ ከብረት ምድጃው አጠገብ አልተነሣም። አይራም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበር።»

ቨርና በረጅሙ ተነፈሰች። ማንም ወደ ሆበርት አልዞረም፤ ሁሉም ግን እሱን ያስቡ ነበር።

«ፍም እኩል የሚዘረጋ ሰው ብዙ ነው» አለ ሆበርት። «እኔ ላይ ምን አለሽ?»

«ሁላችሁም እጅጌያችሁን ሰብስቡ።»

አይራ የሚሰበስበው አልነበረውም። ክሊፍተን ሰበሰበ፤ ሁለቱም ክንዶቹ ፀጉራም ናቸው፣ ምድጃው በር ያለው ብረት ነውና ፍሙ ክንዱን አያገኘውም። ሆበርት አልተንቀሳቀሰም። ሸሪፉ አንድ እርምጃ ሲጠጋው ቁልፎቹን ራሱ ፈታ።

የቀኝ ክንዱ ፀጉር ተቃጥሎ ተኮማትሯል፤ ቆዳው ገና ቀይ ነው። በግራ ክንዱ ላይ ግን ነጭ ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል።

«ቀኙ የትናንቱን ይነግረኛል» አለች ኦዴሳ ቀስ ብላ። «ክዳኑ በተከፈተ ምድጃ ላይ አካፋ ሙሉ ፍም ሲዘረጋ የሚደርስ ቃጠሎ ነው። ያውም አልረገጥኩትም ባሉት ጥብስ ቤት ውስጥ። ግራው ደግሞ የዓመታቱን ይነግረኛል። በፍም የሚኖር ሰው ክንዱ እንደ አይራ ልሙጥ ነው። የእርስዎ ግን ፍም ካየ ቆይቷል፤ የእንጨት ክምርዎም ላይ ሐረግ በቅሎበታል። ለሚዩል ይህን አይቶ ነው የተመለሰው። በጋዝ ነው የሚጠብሱት፣ ሚስተር ሆበርት። ክምሩ ለደጅ ማሳመሪያ ነው።»

አይራ የወንድሙን ሞት ከሰማ ጀምሮ እንዲህ ፊቱ አልተለወጠም። «በጋዝ?» አለ።

ሆበርት በማገዶው ክምር ላይ ቁጭ አለ።

«ወገቤ አልቻለም» አለ። «መጀመሪያ ለአንድ ክረምት ነበር ያልኩት። ማንም አላወቀም፤ ሰው እየበላ ‹ይሄ ነው የእንጨት ጣዕም› ይለኛል። ትናንት ለሚዩል ‹ነገ ማዕድ ሳይቀርብ ራስህ ንገራቸው፤ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ለመንኩት። ‹እኔን ለዓመታት ያሸነፍከኝ በጋዝ ነው?› አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ አሳማው ዞረ። አካፋው ግድግዳው ላይ ነበር።»

«ፍሙንስ? ሰዓት ለማሳሳት ነው?» አለ ሸሪፉ።

«ሰዓት?» ሆበርት ጥያቄው የገባው አይመስልም ነበር። «አሳማው ጥሬ ነበር፤ ፍሙ ሊጠፋ ነው። ሰው ነገ ይበላል። እንዲሁ ትቼው ልሄድ... አልቻልኩም።»

አይራ ምድጃው ውስጥ እያየ፣ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሰው፣ «መሃሉን አቃጠልከው» አለ።

ሸሪፉ ካቴናውን ይዞ በክሊፍተን አጠገብ አለፈ፤ ሳያየው፣ እንደ ይቅርታ ያለ ነገር በአፉ አጉረመረመ። ቨርና ፊቷን በባሏ ደረት ላይ ቀብራ፣ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው።

ሰዉ ማዕድ ዙሪያ ሲሰበሰብ ክሊፍተን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሄደ። አይራ ብቻውን ነበር፤ አካፋውን እንደያዘ ፍሙን ማንሳት አቅቶት ቆሟል። ክሊፍተን አካፋውን ከእጁ ቀስ ብሎ ተቀበለውና በርሜሉ ውስጥ ሰደደው።

«የት ላድርገው፣ አጎቴ?»

«አራቱ ማዕዘን ላይ» አለ አይራ። «ከታፋውና ከወርቹ ሥር። ትንሽ ትንሽ።»

ክሊፍተን እጅጌውን እንደሰበሰበ ጎንበስ አለ። ሙቀቱ ክንዱን ሲለበልበው አልሸሸም። ፍሙን አንድ በአንድ ማዕዘኖቹ ላይ አራገፈ፣ ሆዱን ሳይነካ፤ ሲጨርስም አካፋውን መሬት ላይ ሳይጥል ግድግዳው ላይ ሰቀለው።