የተጓጎለው ቃጫ

አራተኛው ድንጋይ ባልዲው ውስጥ ሲገባ ክንድ የሚያክለው የኮንክሪት ዘንግ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ከመሐሉ ተንጠልጥሎ የነበረው ባልዲ መሬት ላይ ተከሰከሰ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ቃጫ የሌለው ዘንግ ስድስት ድንጋይ ችሏል፤ ቃጫ ያለበት የእናንተ ግን አራት እንኳ አልቻለም» አሉ የፊዚክስ መምህሩ ሐብተ ማርያም። «ሐሳቡ ሸጋ ነበር፤ ግን አልሠራም። ለዐርቡ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሌላ ቡድን ይቀርባል።»

ልዕልት አንገቷን ደፋች። ሐሳቡ የሷ ነበር። አባቷ እንፍራንዝ ውስጥ ግንበኛ ናቸው፤ ጭቃ ያለ ጭድ ሲሰነጠቅ እያየች ነው ያደገችው። «ጭድ ጭቃን ከያዘ፣ ቃጫ ኮንክሪትን ለምን አይይዝም?» ብላ ጓደኛዋን ፈትሂያን ያሳመነቻት እሷ ነች። ቃጫውን ከቅዳሜ ገበያ ገዝታ፣ በጣት ርዝመት ስትቆራርጥ ጣቶቿ ተልጠዋል።

ፈትሂያ ስብራቱን አነሳችው። ቃጫው አንድ ጥግ ላይ እንደ ወፍ ጎጆ ተጓጉሏል፤ መሐሉ ሲሚንቶ ስላልገባበት ጣት ያስገባል። በቀረው በኩል አንድም ክር አይታይም። ያኔ ገባት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ኮንክሪቱን ሲያቦኩ፣ ልዕልት ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ «እያማሰልሽ በትንሽ በትንሹ በትኚው፣ እሺ?» ብላት ነበር። የዚያን ቀን የፈትሂያ አክስት ልጅ ኒካህ ነበረ፤ ሊወስዳት የመጣው ባጃጅ በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ፈትሂያ ቸኩላ ሙሉውን የቃጫ ፌስታል ባንድ ጊዜ ገለበጠችው። ልዕልት ተመልሳ ስትጠይቃት «አዎ፣ በትኛለሁ» አለቻት።

ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጡ ልዕልት ዓይኗን ጠራረገች።

«ቃጫው ነው። መጥፎ ገዝቼ አንቺንም አዋረድኩሽ።»

ፈትሂያ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ጥቂት ርምጃ ከሄዱ በኋላ ግን ቆመች።

«ልዕልት፣ አልበተንኩትም። ባንዴ ነው የጨመርኩት። ዋሽቼሻለሁ።»

ልዕልት ትክ ብላ አየቻት። «ስንት ቀን ነው የቆራረጥኩት፣ ታውቂያለሽ?» አለችና ጥላት ሄደች።

ፈትሂያ አልተከተለቻትም። ስብራቱን እንደያዘች ወደ ግቢው ተመልሳ የመምህራኑን ክፍል አንኳኳች።

«ቲቸር፣ ይሄን ቀረብ ብለው ይዩልኝ» አለች። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»