ነፃ የተባሉት

ሲስተር ተስፋነሽ የተገኘችው ሱሉልታ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ በጠባቧ አልጋ ላይ ጋቢዋን እስከ አገጯ ተሸፋፍና ነው። የተኛች ትመስል ነበር። አጠገቧ የከሰል ማንደጃ አለ፤ አመዱ ቀዝቅዟል። ቅዳሜ ጠዋት ያያት ሁሉ ያለው አንድ ነገር ነው፦ «ብርዱ ነው። ከሰል አስገብታ በር ዘግታ ተኛች።»

ኢንስፔክተር ገለቴ ግን ክፉ ክፉውን ማሰብ የለመደች ሴት ናት። ልጇ ጂጂ ለትምህርት ጅማ ከሄደች ወዲህ ቡራዩ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ስልኳ የሚጮኸው እሑድ እሑድ ነው፤ የምትደውለውም ጂጂ ናት። ልጅቷ አሥር ደቂቃ ካረፈደች እናት አውቶቡስ ገልብጣ፣ ሬሳ ተቀብላ፣ ድንኳን ጥላ ትጨርሳለች። የሥራ ባልደረቦቿ ይስቁባታል። ሆኖም ይህ አመሏ ሌላው ያለፈውን ብዙ ነገር አሳይቷታል።

ሟቿንም ታውቃታለች። አምና ሰበታ ስትሠራ ለማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ ተጠርታ ሄዳ ነበር፤ ናሙናዋን የተቀበለቻት ተስፋነሽ ናት። «ማን ይዞሽ መጣ?» ብላ ጠየቀቻት። «ማንም» አለች ገለቴ። «ግድ የለም እህቴ፣ የሚያሳስብ ነገር ካለ እኔ ራሴ እደውልልሻለሁ።» አልደወለችም። ከወር በኋላ በስልኳ «ውጤትዎ ነፃ ነው» የሚል መልእክት ገባ። ገለቴ አላጠፋችውም። ቤቱ ጭር ሲልባት ታነበዋለች።

ምርመራውን የሚያካሂዱት የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ከውጭ አገር አጋሮች ጋር ሆነው ነው። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሴቶች በየስማቸው ይጠራሉ፤ መዝገቡ ተተርጉሞ ለአጋሮቹ ይላካል፤ በዚያ መሠረት ለእያንዳንዷ ሴት መልእክት ይደርሳል። ሰኞ ከአጋሮቹ የተላኩ እንግዶች መጥተው ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞች እንዲስፋፋ ሊወስኑ ነበር።

በሟቿ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ተገኘ፦ «ነፃ ያልናቸው ነፃ አይደሉም። ሰኞ ለእንግዶቹ እነግራለሁ።»

ገለቴ ሁለቴ አነበበችው። ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ድንገት ከበዳት።

መጀመሪያ ዘበኛውን ጠራች።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ሞቱማ?»

«ምን ነጋ አለ ልጄ!» ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ማንደጃው የኔ ነው። አቀጣጥዬው ለእራት ቤቴ ደርሼ ስመለስ የለም። በርዷት ወስዳው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ምነው ባልኩ አንድ ቃል!»

«እዚህ ማደር ታዘወትር ነበር?»

«ታክሲ ያመለጣት ቀን። ለሳይነሷ የምትውጠው ኪኒን አለ፤ ከዋጠችው ጣራው ቢወርድ አትሰማም። ይህን የማያውቅ የለም፣ እንቀልድባት ነበር። ጠዋት ባንኳኳ ዝም። ከበሩ ሥር የተወተፈውን በእግሬ ገፋ አድርጌ ከፈትኩና…»

«ምን ነበር የተወተፈው?»

«የኛና የእንግዶቹ አገር ባንዲራ ያለበት ባነር። መረገጡ አሳዘነኝና አጥፌ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት።»

ገለቴ ወደ በሩ ሄዳ ጎንበስ አለች። ከውጭ በኩል በደፉ ላይ የባነሩ ቀይ ክር ተሰክቶ ቀርቷል። ከውስጥ ምንም የለም።

ቀጥላ ለሟቿ ሦስት ባልደረቦች ወረቀቱን ለየብቻ አሳየቻቸው። የሰበታዋ ነርስ ሄመን ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«አስከፈሏቸው ማለት ነው?» አለች ተቆጥታ። «እኛ ሰበታ እኮ ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ለተገኘባት ሴት መዝገቡ ማስታወሻ ላይ ‹ነፃ› ብለን እንጽፋለን። ሕክምናው ያለ ክፍያ ስለሆነ ካርድ ክፍል እንዳያንገላታት።»

የገለቴ ብዕር ቆመ። «ቫይረሱ ለተገኘባት?»

«አዎ።»

«ቡራዩና ሱሉልታስ?»

«እነሱ አይጽፉም። የኛ ልማድ ነው።»

ገለቴ የሰበታን መዝገብ አስመጣች። «ነፃ» የሚለውን ቃል ከላይ እስከ ታች ቆጠረች፤ ሠላሳ አንድ ነው። የስሙን ዓምድ በመዳፏ ሸፍና ነበር የቆጠረችው።

ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሲላስ በሐዘን መሐልም ቀልድ አያጣም። «እኔ ነፃ የምሆነው እሑድ ብቻ ነው፣ ኢንስፔክተር። የጠየቁኝን የሰበታ መዝገብ ዶክተር አሥራት ራሱ ነው በአንድ ቀን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ የሰጠኝ። እኔ የሰጡኝን አስገባለሁ።»

«ባነሩንስ ታውቀዋለህ?»

«እንዴት አላውቀው! ዓርብ ቀን የዶክተር መኪና ውስጥ የጫንኩት እኔ ነኝ። ዛሬ መደርደሪያ ላይ ሳየው እግር አወጣ እንዴ ብያለሁ።»

የፕሮግራሙ ኃላፊ ዶክተር አሥራት ወረቀቱን አንብቦ በእርጋታ መለሰው።

«እኔ ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ አዲስ አበባ ነበርኩ። ይህ ድካም ነው፣ ኢንስፔክተር። ብቻዋን የምትኖር ሴት ብዙ ነገር ታስባለች። የሰበታዎቹን ሴቶች ጉዳይ ከተነጋገርንበት ቆይቷል።»

ብቻዋን የምትኖር ሴት። ገለቴ አንገቷን ደፍታ ጻፈችው።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም በጣቢያው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ከውጭ የመጣችው እንግዳ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ሲላስ በጆሮዋ ይተረጉማል።

«ብርድ የፈራ ሰው የበሩን ሥር ከውስጥ ይወትፋል» አለች ገለቴ። «ኦቦ ሞቱማ ግን በሩን ሳይከፍቱ ነው ባነሩን በእግራቸው የገፉት። ስለዚህ ከውጭ የወተፈው ሌላ ሰው ነው። እሷ ኪኒኗን ውጣ ተኝታለች፤ ያ ሰው የተቀጣጠለውን ማንደጃ ከውጭ አንስቶ አስገባላት፤ ዘበኛው እራት ላይ ናቸው።»

«ምክንያቱስ?» አለ ሲላስ።

«አንዲት ቃል። ሰበታ ‹ነፃ› ማለት ‹አታስከፍሏት፣ ታማለች› ነው። የተረጎመው ሰው ግን ‹ከበሽታ ነፃ› ብሎ ላከው። ሠላሳ አንድ ሴቶች ደህና ናችሁ ተብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ተስፋነሽ ይህን ደረሰችበት። ወረቀቷን ሄመን ስታነብ የክፍያ ነገር መሰላት። አንድ ሰው ብቻ ‹የሰበታዎቹ ሴቶች› አለኝ። ዶክተር፣ ወረቀቱ ላይ ሰበታ የሚል የለም።»

ከደፉ ላይ የለቀመችውን ቀይ ክር አውጥታ አሳየችው።

«ባነሩም መኪናዎ ውስጥ ነበር። እርስዎ አዲስ አበባ ካመሹ፣ እሱ በምን ተመልሶ ሱሉልታ ገባ?»

አሥራት ክራቫቱን ላላ አደረገ። «እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠብቂ አልኳት» አለ። «ቀስ ብዬ አስተካክለው ነበር። ‹ካንሰሩ ቀስ ይላል ወይ?› አለችኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ኦቦ ሞቱማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እንግዳዋ ከወንበሯ ተነሳች። ከዚያ በሲላስ በኩል ተናገረች፦ «በእኛ ቋንቋ ‹የማትከፍል› እና ‹ከበሽታ ነፃ› የሚሉት ቃላት አይመሳሰሉም። እኛም መዝገቡን በአንድ ሳምንት ላኩ ብለን አጣደፍን፤ ምን ማለታችሁ ነው ብለን አልጠየቅንም። ስለ መስፋፋቱ ዛሬ አናወራም። በኛ አገር ያልመጣች ሴት ሦስት ጊዜ ትጠራለች። እነዚህ ለሕክምና አንድ ጊዜም አልተጠሩም። አሁን ይጠሩ።»

ሄመን መዝገቡን ዘርግታ በጣቢያው ስልክ መደወል ጀመረች። አንዷ አነሳች። አንዷ ከዓለም ገና ከተማ እየመጣሁ ነው አለች። የአንዷን ስልክ ባሏ አነሳና ሄመን ጥቂት አዳምጣ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላ ዘጋችው።

ገለቴ ሥራዋ አልቋል፤ መሄድ ትችል ነበር። ከበሩ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ዛሬ እሑድ አይደለም።

በሁለተኛው ጥሪ አነሳችው። ከስልኩም ከአዳራሹ ማዶም አንድ ዓይነት ድምፅ መጣላት፦ «ሄሎ፣ ወይዘሮ ገለቴ ዲሪርሳ ነዎት? የምደውለው ከጤና ጣቢያ…»

ሄመን ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። 

«አዎ፣ ነኝ» አለች ገለቴ በስልኩ ውስጥ። «ቀጥይ፣ ልጄ። ተስፋነሽ እንደሚደወልልኝ ነግራኝ ነበር።»