ዳሽቦርዱ ላይ ያሰርነው ካሜራ

ቪዲዮው እስካሁን ስልኬ ውስጥ ስላለ «ሕልም አይተህ ነው» እንዳትሉኝ። ሌሊትም አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ፀሐይዋ አናት እየበሳች ነው።

መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ተማሪዬ ነርስ ናት፤ ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላት። ፈተና ሁለቴ ወድቃለች። «መስመር ትለቂያለሽ» ስላት «አልለቅም!» ብላ ድርቅ ትላለች።

«በቪዲዮ ባላሳይሽ!» አልኳት።

የገዛሁት የስልክ ማቆሚያ በሙቀት እየላላ ስላስቸገረኝ ታላቅ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። አናጢ ነው። የጣውላ ቁራጭ በዳሽቦርዱ ልክ ቆርጦ ከሥሩ ጎማ ለጠፈበት። ወፍራም ሽቦ በፒንሳ አጥፎ የስልክ መያዣ አወጣለትና በሁለት ብሎን አሰረው።

«ይሄ ከተነቀለ መኪናው አብሮ ይነቀላል» ብሎ ሳቀ።

የመጀመሪያው ቀን ቪዲዮ ትንሽ ቢንቀጠቀጥም መንገዱ ጥርት ብሎ ይታያል። ሲስተርም መስመር ስትለቅ እጅ ከፍንጅ ተያዘች።

ግን መሐል ላይ... የኔ ድምፅ... በሹክሹክታ...

«ከኋላ ያለኸው፣ ዝም በል።»

ከኋላ ማንም አልነበረም።

እኔም እንደዚያ አላልኩም።

«ሽቦው ሲነዝር የፈጠረው ድምፅ ይሆናል» አልን። ወንድሜ ሌላ ጎማ ጨመረበት፣ ብሎኑን አጠበቀው። ሰው ልቡን ማሳመን ሲፈልግ ምክንያት አያጣም።

በማግስቱ እንደገና ወጣን። ሲስተር እየነዳች ሦስት ጊዜ አንገቷን አሸች።

«ምነው?»

«እንጃ... በረደኝ።»

በዚያ ሙቀት!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወንድሜ ሥራ ቤት በር ላይ አቆምን። እሷን መሪው ላይ ትቼ፣ ስልኩን ከሽቦው አውጥቼ ገባሁ። ቪዲዮውን ከፈትነው። ምስሉ ንቅንቅ አይልም።

«አየህ?» አለ ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ።

ከዚያ የኔ ድምፅ መጣ። አሁን አያንሾካሹክም። ይለምናል...

«እባክህ... እጅህን ከአንገቷ ላይ አንሳ።»

የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ።

«አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

ወንድሜ ወደ በሩ ዞረ።

«ልጅቷስ... አሁን የት ናት?»

ወደ መኪናው ሮጥኩ።

ሲስተር መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደፊት አፍጥጣለች። የሚንቀሳቀሰው ከንፈሯ ብቻ ነው። ድምፅ የለም። በሩን ከፍቼ ጎተትኳት...

አልመጣ አለች።

ወንድሜ ደርሶ ወገቧን ያዘ። ሁለት ጎልማሳ ወንዶች አንዲት ቀጭን ሴት ማውጣት አቃተን! በሦስተኛው ስንጎትት ድንገት ተለቀቀች፤ ሦስታችንም አስፋልቱ ላይ ተዘረገፍን።

አንገቷ ላይ አራት የጣት ምልክት ቀልቷል።

«አትዙሪ አለኝ...» አለች።

«ማን?»

በጣቷ ወደ መኪናው ጠቆመች።

የኋላው ወንበር ባዶ ነበር።

ግን ቀበቶው ታስሯል። ባዶው ወንበር ላይ ተወጥሮ... ቀስ ብሎ ከፍ ይላል... ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል...

እንደሚተነፍስ ሰው ደረት።