የምድር ቤቱ ሻማ

ገብረእግዚአብሔር በቡታጅራው ቢራ ፋብሪካ ምድር ቤት፣ በአሮጌ መዝገቦች በተሞሉ መደርደሪያዎች መካከል፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። የፋብሪካውን ታሪክ እንዲጽፍ የታዘዘ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከፊቱ ግማሹ የነደደ ሻማ ቆሟል። ያፈነው ከጎን ካለው የጠመቃ ክፍል በቧንቧ የመጣ ጋዝ ነው።

ኢንስፔክተር ዘርፈሽዋል ከወልቂጤ ስትደርስ የከተማው ፖሊስ የጠመቃ ሠራተኛውን ሽባባውን አስሮ ጠበቃት። ቧንቧው የሚከፈተውም የሚዘጋውም በእርሱ እጅ ነው፤ በሞቱ ዋዜማም ከሟቹ ጋር ሲጣሉ ተሰምተዋል።

በፖሊስ ጣቢያው በር የሽባባው ሚስት ምሥራቅ እግሯ ላይ ወደቀች።

«እመቤቴ፣ ልጆቼ የነፍሰ ገዳይ ልጆች ተብለው ከትምህርት ቤት ቀርተዋል። እኔስ ምን ብዬ ቆሼ ከተማ፣ እናቴ ቤት እገባለሁ?»

«ለምን ተጣሉ?»

«ሟቹ ሻማ ሳይዝ ይወርድ ነበር። ባሌም ‹አንድ ቀን ሬሳህን የማወጣው እኔ ነኝ› አለው። ይኸው አፉ አሳሰረው።»

ኢንስፔክተሯ ምድር ቤቱን መረመረች። አምፖሉ ይበራል፤ በዚያ ቀንም መብራት አልጠፋም። የሟቹ የጣት አንጓዎች ተልጠዋል፤ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደም አለ። ከታችኛው ደረጃ ላይ የሻማ ጠብታ ረግቷል።

የፋብሪካውን ጸሐፊ ሰልሚያን አምፖል ባለበት ቤት ሻማ ምን እንደሚሠራ ጠየቀቻት።

«ወላሂ፣ ይኼን ያህል ዘመን እዚህ ስሠራ ቢራውን አንድ ቀን አልቀመስኩም፤ የሻማውን ነገር ግን ተምሬያለሁ» አለች ሰልሚያ። «ጋዙ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል። ሻማው ከታችኛው ደረጃ ይቀመጣል፤ ከጠፋ መሸሽ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ኢዮብ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። በደርግ የተወረሰው ፋብሪካ የአባቱ እንደነበረ ገልጾ እንዲመለስለት አመልክቷል። ሬሳውን ያየው ከደጃፉ ሆኖ እንደሆነ ነገራት፤ ምስኪኑ በሻማ ሲያነብ ጋዙ እንደደረሰበትም በሐዘኔታ አከለ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሽባባው እጁ ታስሮ መጣ።

«ሟቹ በሩን በጡጫ ደብድቧል» አለች። «ስለዚህ ተቆልፎበት ነበር፤ ወንበሩ ላይ የተመለሰው ከሞተ በኋላ ነው። ቁልፉ ያለው በሦስታችሁ፣ በሽባባው፣ በሰልሚያና በአቶ ኢዮብ እጅ ብቻ ነው። ሻማው ግማሹ ነድዷል፤ እንግዲህ ሲወርድ አየሩ ንጹሕ ነበር፤ ጋዙ የተለቀቀው በኋላ ነው። ጠብታው ከደረጃው ላይ ነው፤ ሻማው ግን የተገኘው ጠረጴዛው ላይ። ማን አነሣው?»

ጎንበስ ብላ የረጋውን ጠብታ በጣቷ ነካች።

«ሽባባው ገድሎት ቢሆን ሻማውን ወስዶ ‹ዛሬም ረሳው› ይል ነበር። ሰልሚያ ብትሆን ከነበረበት ትተወው ነበር፤ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ሻማ ለእሷ ደጃፍ ላይ እንደወለቀ ጫማ በቦታው ያለ ነገር ነው። ታችኛው ደረጃ ላይ ሻማ አይቶ የትግል ምልክት የሚመስለው፣ አንሥቶም ጠረጴዛ ላይ የሚያቆመው፣ የሻማውን ሥራ የማያውቅ ባለ ቁልፍ ብቻ ነው። አቶ ኢዮብ፣ በሻማ ያነብ ነበር ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ሰልሚያ አንገቷን ደፋች። ገብረእግዚአብሔር በመጨረሻው ሳምንት እየሳቀ የነገራትን ተናገረች። ፋብሪካውን ያቋቋሙት የመስቃን በርበሬ ነጋዴዎች ነበሩ፤ የኢዮብ አባት የእነርሱ ቅጥር ጸሐፊ ነበር።

ኢዮብ አልካደም።

«የነጋዴዎቹ ወረቀቶች አመድ ሆነዋል» አለ በደከመ ድምፅ። «እኔ ባለቤቱ ካልሆንኩ እንግዲህ ማንም አይሆንም። ባለቤት የሌለው ፋብሪካ ደግሞ ይዘጋል። ሁላችሁም ትበተናላችሁ።»

እውነቱን መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ።

የሽባባው እጅ ተፈታ። ምሥራቅ ክንዱን ይዛ ወደ ውጭ ሳበችው፤ እርሱ ግን ግማሹን ሻማ ከኢንስፔክተሯ ለምኖ ወሰደ፣ ለኮሰው፣ ጎንበስ ብሎም ከታችኛው ደረጃ፣ ከረጋው ጠብታ ላይ አቆመው።

«ሰምቶኝ ነበር» አለ። «በዚያ ቀን ሻማ ይዞ ነበር የወረደው።»

ሻማው ቀጥ ብሎ ነደደ።